ሾላ ሜዳ መሬት ላይ የተኛችበት ክረምት

በእኛ አገር አንድ ሰው ከሹም ደጅ ደስ የሚል ወሬ ይዞ ሲመጣ፣ ሽማግሌዎቹ «ይሁን፣ ያድርገው» ይሉና አንዲት አጭር አባባል ጣል አድርገው ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ። አባባሏ ከሾላ ሜዳና ከአካባቢዋ ብዙም ርቃ የሄደች አይመስለኝም፤ ሌላ አገር ስናገራት ሰው ግራ ገብቶት ያየኛል። ጥንታዊ ናት የሚሉ አሉ። አይደለችም። የተነገረችበትን ቀን የሚያስታውሱ ሰዎች በልጅነቴ በሕይወት ነበሩ። ለእኔ ታሪኳን የነገሩኝ ደግሞ ጥፋቱን የሠሩት ሰው ራሳቸው ናቸው፤ ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ እንግሊዝኛ ያስተማሩኝ መምህር ቢያድግልኝ።

እኔ ሳውቃቸው ፀጉራቸው ነጭ ነበር። ነገሩ ሲሆን ግን የሃያ አራት ዓመት ጎልማሳ ነበሩ፤ ሲያወሩትም ስለ ሌላ ሰው እንደሚያወሩ «ያ ልጅ» እያሉ ነበር። ስለዚህ እኔም አንቱታውን ትቼ እንዳወሩት ላውራው።

ዘመኑ የጃንሆይ ነው። ሾላ ሜዳ በደፈርሴ ወንዝ አፋፍ ላይ የተቀመጠች መንደር ናት። ገበያውም፣ ክሊኒኩም፣ ዳኛውም ከወንዙ ማዶ ናቸው። ደፈርሴ በበጋ ሕፃን ይሻገረዋል፤ ከሰኔ እስከ መስከረም ግን በሬ ከነቀንበሩ ይወስዳል። ስለዚህ በየዓመቱ ግንቦት ላይ ሕዝቡ ለፋሲካ ያረደውን የበሬ ቆዳ ያዋጣል፤ ቆዳው ይነከራል፣ ይተለተላል፣ በሞራ እየታሸ ይጎነጎናል። እንደ ክንድ የወፈረ የጠፍር ገመድ ሲሆን፣ በዚህ በኩል ከትልቁ ሾላ፣ በዚያ በኩል ከቋጥኙ ጋር ይታሰራል። ተሻጋሪው ወገቡን በመጫኛ ከገመዱ ጋር አያይዞ፣ በእጁ እየሳበ፣ ተረከዙ ውኃውን እየነካ ያልፋል። የዚህ ሥራ አለቃ አያ ደምለው የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። ከአባታቸው የወረሱት ሥራ ነው፤ አባታቸውም ከአባታቸው።

ቢያድግልኝ ከደብረ ማርቆስ ተምሮ የመጣ የመንደሩ የመጀመሪያ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነበር። ከሁሉ አብልጦ የሚወደው አንድ ደብተር ነበረው። በደብተሩ ውስጥ አርባ ሦስት የእንግሊዞች ተረትና ምሳሌ ከነፍቺያቸው በጥሩ የእጅ ጽሕፈት ሰፍረዋል። ተማሪዎቹን በቃላቸው ያስጠናቸዋል፤ በሰንበቴ ላይም ሰው «እስቲ የፈረንጁን ተረት አምጣ» እያለ ያስነግረዋል።

አንድ እሑድ «የሚንከባለል ድንጋይ ሽበት አያበቅልም» አላቸው።

አያ ደምለው ጠላቸውን አስቀመጡና፣ «እውነት ነው። ሥራ የማይፈታ ሰው አያረጅም ማለት ነው» አሉ።

«አይ፣ አያ ደምለው፤ እንደሱ አይደለም። ከአገር አገር የሚዞር ሰው ሀብት አይዝም፣ ወዳጅ አያፈራም ማለት ነው።»

«ታዲያ ሽበቱ ሀብቱ ነው?»

«አዎ፣ በእነሱ ዘንድ።»

«እኔ እኮ ይህን ያህል ሀብታም መሆኔን እስከ ዛሬ የነገረኝ ሰው የለም» ብለው ራሳቸውን ዳበሱ። ሰንበቴው በሳቅ ተሞላ። ቢያድግልኝም ሳቀ። ሳቁ ውስጥ ትምህርት እንደነበረ የገባው በኋላ ነው።

በየካቲት አጋማሽ አንድ መኪና ከማዶ መጥቶ የደረቀውን ወንዝ ተሻገረና መንደሩ መሐል ቆመ። የመንገድ መሐንዲስ ነው፤ እንግሊዛዊ፣ ረጅም፣ ፀሐይ አንገቱን ያቀላው ሰው። አፈሩን አየ፣ ቁልቁለቱን ለካ፣ ወረቀት ላይ ጻፈ። መንደርተኛው ተሰብስቦ የመንደሩ ጭቃ ሹም ሰላምታ አቀረቡ፤ ቢያድግልኝ አስተረጎመ። እስከዚያ ድረስ ሁሉም ነገር ቀላል ነበር፤ ስም፣ ርቀት፣ «እንኳን ደህና መጡ»።

መሐንዲሱ ሊሄድ እግሩን መኪናው ላይ ሲያነሣ ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ከሰው መካከል ወጡ። ባላቸውን ደፈርሴ ከወሰደባቸው ሰባት ዓመት ሆኗል። ብቸኛ ልጃቸው የውብዳር አምስተኛ ወሯን የያዘች ነፍሰ ጡር ናት።

«መምህር፣ አንድ ነገር ጠይቅልኝ» አሉ። «መንገዱ ይምጣ፣ እሰየው። ወንዙን ግን እንዴት ሊያደርጉት ነው? ደፈርሴ ላይ ሲደርሱ ምን ሊሆኑ ነው?»

ቢያድግልኝ ጠየቀ። መሐንዲሱ ፀሐይዋን ቀና ብሎ አየ፣ ፈገግ አለ፣ አንዲት አጭር ነገር ተናገረ።

መምህሬ ይህን ሲነግሩኝ፣ እዚህ ላይ ሲደርሱ፣ «ቃሎቹን አንድ በአንድ አውቃቸዋለሁ» ይሉኝ ነበር። «‹መድረስ› የሚል አለበት፣ ‹ድልድይ› የሚል አለበት፣ ‹መሻገር› የሚል አለበት። ግን አነጋገሩ ቆረቆረኝ። ሌላ ጊዜ የተባለ፣ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር ይመስላል። ደብተሬን በሐሳቤ ገለጥኩት፤ ከአርባ ሦስቱ ውስጥ የለም። ‹ምን ማለትዎ ነው?› ብሎ መጠየቅ ነበር። ሦስት ቃል ነው። ነገር ግን ሰው ሁሉ አፍ አፌን ያያል። ብጠይቅ ‹ለካ እንግሊዝኛውን አይሰማም› ይሉኛል ብዬ ፈራሁ።»

ስለዚህ ቢያድግልኝ ወደ ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ዞሮ፣ «እዚያ ስንደርስ ድልድዩን እንሻገራለን ነው ያሉት» አለ።

«ድልድይ አለ?»

«ድልድዩን ነው ያሉት።»

ወይዘሮ ማንጠግቦሽ እልል አሉ። ሴቶቹ ሁሉ ተከተሏቸው። መሐንዲሱ መሰናበቻ መስሎት ባርኔጣውን አንሥቶ እጅ ነሣና ሄደ።

በሳምንቱ ሾላ ሜዳ ድንጋይ መፍለጥ ጀመረች። ጭቃ ሹሙ «ፈረንጆቹ ሲመጡ ባዶ እጃችንን አያግኙን» ብለው በየቤቱ ቀን ደለደሉ። ወንዶቹ ከገደሉ ሥር ይፈልጣሉ፣ ሴቶቹ ትንንሹን ይሸከማሉ። ለትልልቁ ድንጋይ መጎተቻ ጠፍቶ ሲቸገሩ አንዱ የአምናውን የጠፍር ገመድ አስታወሰ። አያ ደምለው ገመዱን ሊወስዱ የመጡትን ሰዎች ደጃቸው ላይ አቆሟቸውና ቢያድግልኝን አስጠሩት።

«መምህር፣ መቼ ነው የሚመጣው አለ?»

«ቀን አልቆረጠም።»

«የድንጋይ ነው የእንጨት?»

«እሱን አላለም።»

«ታዲያ ምኑን ነው ያለው?»

ሰው ዙሪያውን ቆሟል። ቢያድግልኝ ጆሮው ጋለ። ጥያቄው እሱ ራሱ በልቡ የደበቀው ጥያቄ ስለነበር ይመስለኛል የተቆጣው። «ድልድዩን እንሻገራለን አለ፣ አለቀ። እርስዎ ሥራዎ እንዳይቀርብዎ ነው የሚጠራጠሩት!»

አንዳንዱ ሳቀ። አያ ደምለው ከበራፉ ዘወር አሉና ገመዱን ሰዎቹ ይዘውት ሄዱ። በአንድ ወር ውስጥ ድንጋይ እየጎተተ ተበጣጠሰ። በፋሲካ የታረዱት በሬዎች ቆዳም እንደ ሌላው ዓመት ለገመድ አልተዋጣም፤ ግማሹ ስልቻ ሆነ፣ ግማሹ ለአልጋ ጠፍር ተተለተለ። ድልድይ ለሚመጣለት ሰው ገመድ ምን ያደርግለታል?

የድንጋዩ ቁልል ከፍ ባለ ቁጥር የቢያድግልኝ ልብ እየወረደ ሄደ። ወደ ትምህርት ቤት ሲሄድ በቁልሉ አጠገብ ላለማለፍ ዙሪያ ጥምጥም ይጓዝ ጀመር። እንዲህ ሆኖ ሚያዝያ አለፈ፣ ግንቦትም ተጋመሰ። «ነገ እነግራቸዋለሁ» ይላል፤ ነገ ሲመጣ ደግሞ «እርግጠኛ ሳልሆን ምን ብዬ?» ይላል። አንድ ቀን የውብዳርን መንገድ ላይ አገኛት። ሆዷ ገፍቶ፣ አንድ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ በሌላው እጇ የዳቦ ያህል ድንጋይ አቅፋ ትሄዳለች።

«ምን ሆነሽ ነው አንቺ ደግሞ? ማን ተሸከሚ አለሽ?»

«ማንም አላለኝ፣ መምህር» አለች እየሳቀች። «ለልጄ መሻገሪያ እኔም አንድ ላኑር ብዬ ነው።»

በማግሥቱ ትምህርት ቤቱን ዘግቶ ወጣ። የመንገድ ሠራተኞቹ ሰፈር የሁለት ቀን መንገድ ነው። መሐንዲሱን ድንኳን ደጃፍ ላይ ካርታ ዘርግቶ አገኘው። ሰውየው አስታወሰው፣ ወንበር አቀረበለት፣ ሻይ አስመጣለት።

«ስለ ድልድዩ ልጠይቅዎ ነው የመጣሁት» አለ ቢያድግልኝ።

«የምን ድልድይ?»

«ደፈርሴ ላይ የሚሠራው። እዚያ ስንደርስ ድልድዩን እንሻገራለን ብለው ነበር።»

መሐንዲሱ ለጥቂት ጊዜ አሰበና ሳቁ አመለጠው። ካርታውን እየመታ ሳቀ። የቢያድግልኝን ፊት ሲያይ ግን ሳቁ ቀስ እያለ ቆመ።

«ይህ እኮ የአገሬ አባባል ነው» አለ። «ችግሩ ሲመጣ ያኔ እናስብበታለን፣ ከአሁኑ አንጨነቅበት ማለት ነው።»

«ድልድይ የለበትም?»

«ድልድይ የለበትም። መንገዱም እናንተ ጋ የሚደርሰው ምናልባት ከሁለት ዓመት በኋላ ነው።» ከዚያም ጎንበስ ብሎ፣ «ለምን ያን ጊዜ አልጠየቅኸኝም?» አለው።

ቢያድግልኝ ሻዩን ሳይጨርስ ተነሣ።

መሐንዲሱ እስከ ሰፈሩ መውጫ ድረስ ተከትሎት መጥቶ፣ «የእኔም ጥፋት አለበት» አለ። «ሴትዮዋ የጠየቁኝን አልመለስኩላቸውም ነበር። ከክረምት በኋላ እመጣለሁ፣ ንገራቸው።»

ሲመለስ ሰማዩ በላይኛው አገር ጠቁሯል። ዝናቡ በዚያ ዓመት ቀድሞ ገባ። ደፈርሴን የተሻገረው ውኃው ደረቱ ድረስ እየገፋው፣ ልብሱን ራሱ ላይ ጠምጥሞ ነው። ከእሱ በኋላ በዚያ ክረምት ወንዙን በእግሩ የተሻገረ ሰው የለም።

እሑድ ቅዳሴ ሲያበቃ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ሕዝቡ ፊት ቆመ። አላስረዘመም። «ፈረንጁ ድልድይ እሠራለሁ አላለም። ተረት ነው የተናገረው፤ ‹ሲደርስ ይታሰብበታል› ነው ያለው። አልገባኝም ነበር። እንዳልገባኝም አውቄ ነበር። አፍሬ ነው ያልጠየቅሁት» አለ።

ከዚያ አንድ ገበሬ፣ ቁጣ በሌለው ድምፅ፣ «ታዲያ ድንጋዩን ምን እናድርገው?» ሲል ሁሉም በአንዴ መጮህ ጀመረ። ጭቃ ሹሙ ዱላቸውን አነሡ። ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ግን ልጃቸውን ነው የሚያዩት።

አያ ደምለው ወደ መካከል ገቡ። ቢያድግልኝ መጀመሪያ የሚመቱት እሳቸው መስለውት ነበር።

«ቁጣው ለመስከረም ይቆየን» አሉ ሽማግሌው። «ቁጣ ገመድ አይሆንም። ቆዳ ያለው ማነው?»

ማንም የለውም።

«አልጋዬ ጠፍር ነው» አለ ቢያድግልኝ።

ሄዶ አልጋውን ፈታው። ጎረቤቱ አይቶ የራሱን ፈታ። እስከ ማታ ሃምሳ ሁለት አልጋ ተፈታ፤ ሾላ ሜዳ በዚያ ክረምት ከነጭቃ ሹሟ መሬት ላይ ተኛች። ስልቻዎች ተተረተሩ። በትምህርት ቤቱ ጣራ ሥር ሃያ ሰው ተቀምጦ አጭሩን ጠፍር ከአጭሩ እያስተሳሰረ ይጎነጉን ጀመር። ቋጠሮ የበዛበት ገመድ ክፉ ነው፤ አያ ደምለው እያንዳንዱን ቋጠሮ በጥርሳቸው እየሳቡ ይፈትኑታል፣ የማይወዱትን ያስፈታሉ። ቢያድግልኝ መዳፉ ተልጦ ሞራውና ደሙ ተቀላቀለ።

በአምስተኛው ቀን ጧት የውብዳር ምጥ ያዛት። ምጡ ከጊዜው ትንሽ ቀድሟል፤ ደምም ብዙ ፈሰሳት። አዋላጆቹ «ከእኛ በላይ ነው» አሉ። የማዶ ሰዎች በጥሩንባ ተጠርተው የክሊኒኩን ሐኪም፣ ድሬሰሩን፣ ከነቦርሳው ወንዙ ዳር አመጡት። ገመዱ ገና አላለቀም። ድሬሰሩ ማዶ፣ እነሱ ወዲህ፤ መካከሉ ላይ ደፈርሴ እየጮኸ።

ወንዶቹ ቃሬዛ አዘጋጅተዋል። ወደ ላይ ግማሽ ቀን ቢሄዱ ወንዙ ሰፋ የሚልበት ቦታ አለ፤ ምናልባት እዚያ ያሻግር ይሆናል ብለው የውብዳርን ሊያነሷት ነው። ስለ ደሙ ድሬሰሩ እንዲያውቅ አንዱ ጮኸ። ድሬሰሩ እጁን አፉ ላይ አድርጎ መለሰ።

«አንሷት ነው ያለው!» አለ አንዱ።

«አዎ፣ አንሷት!» አሉ ሌሎች፤ ቃሬዛውን ይዘው ወደ ቤት ሊሮጡ።

«መምህር፣ አንተ አልሰማህም? ምን አለ?» አሉ ጭቃ ሹሙ።

ቢያድግልኝም የሰማው «ንሷት» የሚለውን ነው። ከፊቱ ያለውን ውኃው በልቶታል። ሰው ሁሉ እንደ የካቲቱ ቀን አፉን ያየዋል።

«አልሰማሁም» አለ።

«ሰዓት የለም እኮ!»

«አልሰማሁም አልኳችሁ! ሳይደግመው አንዲት እርምጃ እንዳትሄዱ!»

ውኃው ውስጥ እስከ ጉልበቱ ገብቶ ጮኸ። ድሬሰሩ ደገመው። አልተሰማም። ሦስተኛ ደገመው። በአራተኛው ቢያድግልኝ ሁለት እጁን ወደ ላይ እንደሚያነሣ ሰው አድርጎ «ይህ ነው?» በሚል አሳየው። ድሬሰሩ ማዶ ሆኖ ራሱንም እጁንም አወዛወዘ፤ መሬት ላይ ተንጋለለና እግሩን ድንጋይ ላይ ሰቅሎ አሳያቸው።

አታንሷት ነበር ያለው።

አላነሷትም። እግሯን ከፍ አድርገው አስተኟት። ገመዱ በማግሥቱ ረፋድ ላይ አለቀ፤ ጫፉ በወንጭፍ በተወረወረ ቀጭን ገመድ ወደ ማዶ ተስቦ ተወጠረ፤ በአዲሱ ገመድ መጀመሪያ የተሻገረው ድሬሰሩ ነው። እናቲቱን አተረፋት። ልጁ ግን ሌሊቱን ሞቶ ተወልዷል። ወንድ ነበር። ድሬሰሩ አንድ ቀን ቀድሞ ቢደርስ ኖሮ ይተርፍ እንደሆነ ሲጠይቁት፣ «ይሆናል» አለ።

ቢያድግልኝ ለቅሶ ሊደርስ ሄዶ ከበራፉ አልገባም። ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ወጥተው አጠገቡ ተቀመጡ።

«ፈረንጁ ያለውን እስቲ በደንብ ንገረኝ» አሉት።

ነገራቸው። ቃሉንም ነገራቸው፣ ፍቺውንም ነገራቸው።

«እሱስ እኛም እንለው የለ?» አሉ። «‹የነገን ነገ ያውቃል› እንል የለ? ያን ዕለት እንዲህ ብለኸኝ ቢሆን ኖሮ ቅር ብሎኝ ቤቴ እገባ ነበር። ቅር ቢለኝ ምን ነበረበት?» ከዚያ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጎተቱ። ተነሥተውም፣ «ግባ፣ ውጭ አትቀመጥ። የውብዳር ‹አታንሷት› ያልከውን ሰምታለች» አሉት።

መምህሬ ይህን ሲነግሩኝ ስድሳ ዓመት አልፏቸው ነበር፤ ድምፃቸው ግን አሁንም እዚያ ደጃፍ ላይ የተቀመጠ ሰው ድምፅ ነበር። ከሾላ ሜዳም አልወጡም። ደብተሩን ማስጠናታቸውን አልተዉም፤ ብቻ ከእያንዳንዱ ተረት በኋላ «ያልገባው አለ?» ብለው ይጠይቃሉ። እጁን ያወጣ ተማሪ ላይ የሳቀ ሰው ከክፍል ይወጣ ነበር።

ድልድዩስ? ደፈርሴ ላይ ድልድይ የተሠራው ከዚያ ክረምት በኋላ በአሥራ ሦስተኛው ዓመት ነው።

አባባሏ የተነገረችው ግን ያ ክረምት እንዳለፈ በመጣው ጥር ላይ ነው። መሐንዲሱ ቃሉን ጠብቆ መጣ። ሕዝቡ ተሰበሰበ፣ ቢያድግልኝም ሊያስተረጉም ቆመ። መሐንዲሱ ይቅርታ ጠየቀና ስለ ድልድይ ተናገረ። ቢያድግልኝ ወዲያው አልተረጎመም። «ይህ አባባል ነው ወይስ እንደ ቃሉ ነው?» ብሎ ጠየቀ። «የድንጋይ ድልድይ ማለትዎ ነው? መቼ? የሚወስነውስ ማነው?» ሰው እያየው አራት ጊዜ ጠየቀ፣ መሐንዲሱም አራት ጊዜ መለሰ። ከዚያ ወደ ሕዝቡ ዞረ።

«ለአለቆቼ ጽፌያለሁ፣ ተስፋ አለኝ ነው የሚሉት። ተስፋ አለኝ ነው ያሉት፤ እሠራለሁ አላሉም።»

እንዲያም ሆኖ ሰው ደስ አለው፤ ማጉረምረሙ ወደ እልልታ ሊሄድ ምንም አልቀረው። አያ ደምለው ሾላው ሥር ተቀምጠው የተነከረ የገና በሬ ቆዳ በጭናቸው ላይ ዘርግተው ይተለትላሉ። ጭቃ ሹሙ አዩአቸውና፣ «አያ ደምለው፣ ዘንድሮስ እንኳ ከሰውየው አፍ በትክክል ሰምተናል። አሁንም ጠፍር ይተለትላሉ?» አሏቸው።

ሽማግሌው ቢላዋቸውን አቆሙ። ቢያድግልኝን አዩት፤ ፊታቸው ላይ ቂም አልነበረም።

«መምህር ዛሬ አሳምሮ ተርጉሟል፣ እግዜር ይስጠው። ፈረንጁም ክፉ ሰው አይደለም። ከሠሩት እሰየው፣ የእኔም ወገብ ያርፋል። እስከዚያው ግን ልጆቼ፣ በአፍ ድልድይ ወንዝ አይሻገሩም።»